«አንጥፈህ እርሳው» የተባለው ሣር፦ ስለ ፑል ዳር የፕላስቲክ ሣር ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። አንዷ የእህቴ ልጅ ናት። ሁለተኛው ድሮ አብረን ታክሲ እንነዳ የነበረ ወዳጄ ነው፤ አሁን ላስ ቬጋስ አጠገብ ሄንደርሰን ውስጥ ፑል ያለው ቤት ገዝቷል። ሦስተኛው ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም፣ ቁጥሬን ከየት እንዳገኘም አልነገረኝም። የሁሉም ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ «ይሄ ነገር እውነት ነው?» ወዳጄማ ጠይቆ መልሴን እንኳ አልጠበቀም። ቅናሽ አገኘሁ ብሎ አንድ ጥቅልል የፕላስቲክ ሣር ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ አስገብቷል። 15 ፊት (ጫማ) ስፋት ያለው ጥቅልል! ለማውረድ አራት ሰው ፈጅቷል።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ነው የሚለው። ጓሮህ ውስጥ መዋኛ ገንዳ ካለህ ዙሪያውን እስከ ጠርዙ ድረስ በሰው ሠራሽ ሣር አልብሰው። አይሞቅም። ውሃ አይጠጣም፣ እንዲያውም መንግሥት ገንዘብ ይመልስልሃል። ዝናብም ሆነ የፑል ውሃ ራሱ ያሳልፋል። ለልጆች ከምንም በላይ አስተማማኝ ነው። ክሎሪን አይጎዳውም። ለአካባቢ ተስማሚ ነው። 25 ዓመት ይቆያል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «አንጥፈህ እርሳው» ብሎ ይዘጋል።

ጸሐፊው ምሳሌ አድርጎ ያነሳው ላስ ቬጋስን ነው። እኔም ለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። ታክሲውን ካቆምኩ በኋላ እዚሁ ከተማ ከአንድ የጓሮ ሥራ ቡድን ጋር ስድስት ዓመት ሣር አንጥፌያለሁ። ጉልበቴ ምስክሬ ነው፣ ደረጃ ስወጣ ይናገራል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ «ሰውዬው ሣር ይጠላል» እንዳትሉኝ። የእኔም ጓሮ ውስጥ የፕላስቲክ ሣር አለ። አልነቀልኩትም፣ የመንቀል ሐሳብም የለኝም። ጠቤ ከሣሩ ጋር አይደለም፤ «እርሳው» ከሚለው ቃል ጋር ነው።

«አይሞቅም፣ ፑሉ አጠገብ ስለሆነ በሚረጨው ውሃ ይቀዘቅዛል» ከሚለው ልጀምር። ይሄን የጻፈ ሰው በጁላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በባዶ እግሩ አንድም ቀን ቆሞበት አያውቅም። በዚህ እወራረዳለሁ።

ዩታ ያለው የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2002 የራሳቸውን ሜዳ ለክተውት ነበር። አየሩ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በነበረበት ቀን የሰው ሠራሹ ሣር ገጽ እስከ 93 ዲግሪ ደርሷል። ከአስፋልት በላይ ማለት ነው። በውሃ ማቀዝቀዙንም ሞክረውታል። 79 ዲግሪ የነበረውን ሲያጠጡት ወደ 29 ወረደ። ጥሩ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ግን 49 ገባ፣ በ20 ደቂቃ ደግሞ 73። እንግዲህ ሜዳውን ሙሉ አጠጥተው እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ልጅ ዘሎ ሲገባ የረጨው ጥቂት ውሃ ምን ሊያደርግ ነው? ላስ ቬጋስ ደግሞ ከዩታው ሜዳ የባሰች ናት። ጁላይ 7 ቀን 2024 አየሩ ራሱ 48.9 ዲግሪ ደርሶ የከተማዋን ሪከርድ ሰብሯል።

ቁጥሩን ተዉት። አንድ ልደት ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። የአራት ዓመት ልጅ ናት። ከፑሉ ወጣችና ወደ እናቷ መሄድ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እርምጃዎች ምንም አላለችም፣ እግሯ እርጥብ ነው። ሣሩ መሀል ስትደርስ ቆመች። አንዱን እግር አነሳች፣ አወረደች፣ ሌላውን አነሳች። ትከሻዋም አብሮ ይንቀሳቀሳል። እስክስታ የምትመታ መስሎን ሁላችንም ሳቅን፣ አንዷ አክስት እንዲያውም ማጨብጨብ ጀመረች። ልጅቷ ሲጨንቃት ቁጭ አለች። ያኔ ነው ጩኸቱ የመጣው። አባቷ ሮጦ አንስቶ መልሶ ፑሉ ውስጥ ይዟት ገባ፣ ከነሱሪው፣ ከነስልኩ። ደግነቱ ቆዳዋ ቀልቶ ቀረ፣ አልቆሰለም።

ያን ሣር ያነጠፍነው እኛ ነበርን። ባለቤቶቹ ስለ ሙቀቱ ጠይቀውን ነበር። የተሰጣቸው መልስ አሁን ይሄ ጽሑፍ የሚለው ነው።

ኮንክሪትስ አይሞቅም ወይ? ይሞቃል እንጂ። ግን ነጣ ያለ ኮንክሪት ፀሐዩን ከጥቁር አረንጓዴ ፕላስቲክ ይልቅ ይመልሳል። እውነተኛ ሣር ደግሞ ውሃ ስለሚያተን ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ፕላስቲኩ የሚያተነው ነገር የለውም። ስለዚህ ከፑሉ መውጫ እስከ ጥላው ድረስ ባዶ እግር የሚሄድበት መንገድ ኮንክሪት ወይም ድንጋይ ይሁን። ሣሩ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ይነጠፍ። ጥላ ከሌለ መጀመሪያ የጥላ ሸራ ስቀሉ፣ ሣሩ ይደርሳል።

ከሙቀት ሳንወጣ፣ ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳው ነገር አለ፦ መስኮት። አዳዲሶቹ ቤቶች ሙቀት የሚመልስ መስታወት ነው ያላቸው፣ ሎ-ኢ የሚባለው። ቤቱን ያቀዘቅዛል፣ የመለሰውን ፀሐይ ግን ሰብስቦ ጓሮ ላይ ይጥለዋል። ሣሩ የሚሠራበት ፖሊኢትሊን የሚባል ፕላስቲክ 120 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከዚያ በታችም ይልፈሰፈሳል። እኔ ቤት ከመኝታ ቤቱ መስኮት ትይዩ እንደ ብረት መተኮሻ ምልክት ያለ መስመር አለ። ሣሩ ተኝቶ፣ ተጨማዶ፣ ጫፉ ወደ ጥቁር የሚሄድ። ለአንድ ወር ውሻው ነው ብዬ ስጮህበት ከረምኩ። ምስኪን። ኋላ አንድ ጧት ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ የብርሃኑን መስመር ሣሩ ላይ ሲሄድ አየሁት። መስኮቱ ላይ ከውጭ በኩል የወንፊት መከላከያ ሲደረግ ነገሩ ቆመ። ውሉን ሳነበው ደግሞ ከመስታወት በሚመለስ ፀሐይ የቀለጠ ሣር ዋስትናው ውስጥ አይገባም ይላል፣ በጣም ደቃቅ በሆነ ፊደል። እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት ይቺን መስመር ፈልጓት።

ስለ ውሃው ጸሐፊው ግማሽ እውነት አለው። ላስ ቬጋስ ያለችበት የደቡብ ኔቫዳ የውሃ ባለሥልጣን ራሱ ለክቶ እንዳሳየው እዚህ በረሃ ላይ እውነተኛ ሣር በዓመት ለአንድ ስኩዌር ፊት 73 ጋሎን ውሃ ይጠጣል። 400 ስኩዌር ፊት ሣር ካላችሁ ወደ 29 ሺህ ጋሎን ማለት ነው። አብዛኛው ውሃ የሚመጣው ከሚድ ሐይቅ ነው፣ ውሃው ሲጎድል ሐይቁ ዳር ድንጋዩ ላይ የቀረውን ነጭ ቀለበት ያየ ሰው ቁጥሩ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል። ፕላስቲኩ ይሄን አይጠጣም። ትክክል። ግን በረሃ የለመዱ ተክሎች ከዚያ ሩቡን ነው የሚፈልጉት፣ ጥላም ይሰጣሉ፣ አይቀልጡም። ጽሑፉ ግን በዓለም ላይ ያለው ምርጫ እውነተኛ ሣር ወይም ፕላስቲክ ብቻ ያስመስላል። ደግሞ ሣሩን ከውሻ ሽንትና ከአቧራ ማጠብ አለ፣ ጨው ያለው ፑል ከሆነ የደረቀውን ጨው ማጠብ አለ። «ጠብታ አይፈልግም» ማለት ማጋነን ነው።

«መንግሥት ይከፍልሃል» የሚለው ግን ሰው ያከስራል። ገንዘቡ የሚከፈለው ውሃ የሚጠጣ እውነተኛ ሣር ለነቀለ ሰው ነው። የአብዛኛው ሰው ፑል ዳር ደግሞ ኮንክሪት ወይም ጠጠር ነው። ሣር ቢኖራችሁም ከመንቀላችሁ በፊት የውሃ ባለሥልጣኑ ሰዎች መጥተው ማየት አለባቸው፤ ቀድማችሁ ከነቀላችሁ የለም። ከተቀየረውም ቦታ ግማሹን ሲያድግ የሚሸፍን ተክል መትከል ይጠበቅባችኋል፣ ግድግዳ እስከ ግድግዳ ፕላስቲክ አንጥፎ ቼክ መጠበቅ የለም። ጸሐፊው «ሕጉም ሣር ያስነቅላል» ያለው ደግሞ የ2021ዱን የኔቫዳ ሕግ መሆን አለበት። ያ ሕግ የሚመለከተው በመንገድ አካፋይ፣ በቢሮና በመሳሰሉት ቦታዎች ያለውን ለዓይን ብቻ የተተከለ ሣር ነው። የግል መኖሪያ ቤት ጓሮን አይነካም። ለፑል ባለቤት የመጣው ሕግ ሌላ ነው፦ ከ2022 ጀምሮ ላስ ቬጋስ ባለችበት በክላርክ ካውንቲ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት አዲስ የሚሠራ ፑል ከ600 ስኩዌር ፊት መብለጥ የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሥሩ። «ከታች ቀዳዳ ስላለው ውሃውን ራሱ ያሳልፋል፣ ባለው አፈር ላይ ዘርጋው» ይላል። ሣሩ ቀዳዳ አለው፣ አዎ። ከሣሩ ያለፈው ውሃ ግን ወዴት ይሂድ? ላስ ቬጋስ መሬት ውስጥ ካሊቺ የሚባል ነገር አለ። ነጭ፣ እንደ ኮንክሪት የጠነከረ የኖራ ንጣፍ ነው። ዶማ ስታሳርፍበት ዶማው ተመልሶ ወደ ግንባርህ ይመጣል። ጃክሀመር ነው የሚያወጣው። ውሃ ካሊቺ ላይ ደርሶ ይቆማል፣ ከዚያ ሣሩ ሥር ይከርማል፣ ከዚያ ጓሮው ይሸታል። ውሻ ካለ ደግሞ አታንሱት።

ደህና ሥራ እንዲህ ነው። ከ3 እስከ 4 ኢንች ይቆፈራል። የተፈጨ ጠጠር በሁለት ዙር ይሞላል፣ በየዙሩ እየረጠበ በኮምፓክተር (በመጠቅጠቂያ ማሽን) ይጠቀጠቃል፣ ተረከዝህን ስትጭን ምልክት እስከማይተው ድረስ። ተዳፋቱ ከፑሉ ወደ ውጭ ይሁን፣ ወደ ፑሉ አይሁን። ይሄን የሚሳሳት አለ ወይ ትሉ ይሆናል። አለ። ከአንድ ሀይለኛ ዝናብ በኋላ ፑላቸው ሻይ መስሎ የደወሉልን ሰዎች ነበሩ። የፑሉ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ሣሩን የሚይዘው ሚስማር አይመታም፣ ድንጋዩ ይሰነጠቃል። ሁለት ቁራጭ ሲገናኝ ደግሞ የሣሩ ፀጉር ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት፣ አለበለዚያ ጓሮው የተጣፈ ሱሪ ይመስላል። የሥራው ዋጋም የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው በጣም ርካሽ ዋጋ ከነገራችሁ ሣሩ ረክሶ አይደለም፣ ከሥሩ የቀረ ነገር አለ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ይሄን ጽሑፍ ያነበባችሁ፣ የእንግዳ ማረፊያና የሆቴል ፑል ያላችሁ፣ ሙቀቱ እንደኛ አያሳስባችሁም። የእናንተ ጉዳይ ክረምቱና አፈሩ ነው። መረሬ በሚባለው ጥቁር ጭቃማ አፈር ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ሣር አፈሩ ሲያብጥና ሲሰነጠቅ አብሮ ይወጣል ይወርዳል። እናንተም ቆፍራችሁ አውጡት።

«ለልጆች ከምንም በላይ አስተማማኝ ነው» ለሚለው፣ አለመንሸራተቱን እቀበላለሁ። ከለሰለሰ ኮንክሪት በጣም ይሻላል፣ ልጅ ሲወድቅም ጉልበቱ አይላጥም። ግን ፑል ዳር ሲቆፈር አንድ አደገኛ ነገር አለ፣ ጽሑፉም ውስጥ በአንድ ቃል አልተነሳም። ኤሌክትሪክ።

የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮድ ከፑሉ ግድግዳ 3 ፊት ድረስ ያለው መሬት ከፑሉ ብረቶችና ከፓምፑ ጋር በመዳብ እንዲያያዝ ያዛል። ቦንዲንግ ይሉታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ውሃው፣ መሰላሉና የምትቆምበት መሬት አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ላይ ከሆኑ በሰውነትህ የሚያልፍ ነገር የለም። ከተለያዩ እርጥብ እግርህ ይነግርሃል። ኮንክሪት በሆነ ፑል ዳር ሥራውን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ውስጡ ያለው ብረት ነው። ኮንክሪቱን አፍርሰህ ሣር ስታነጥፍ ያን ብረት አብረህ ጣልከው ማለት ነው። በምትኩ ሽፋን የሌለው የመዳብ ሽቦ በፑሉ ዙሪያ ይቀበራል፣ ከግድግዳው ከ18 እስከ 24 ኢንች ርቆ፣ ከ4 እስከ 6 ኢንች ጠልቆ። አሁን አስሉት። እኛ የምንቆፍረው እስከ 4 ኢንች። የምንመታው ሚስማር እስከ 6 ኢንች።

አንድ ቀን ይሄው ሽቦ ላይ አንድ ወጣት ሠራተኛ አካፋ አሳረፈበት፣ ለሁለት ቆረጠው። አለቃው መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየና «የድሮ የስፕሪንክለር (የሣር ማጠጫ) ሽቦ ነው፣ ሸፍነው» አለ። አብሮን የሚሠራ አንድ አንጋፋ ሜክሲኳዊ ነበር፣ ብዙ የማይናገር። አካፋውን ጣለና «ኖ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ኮምፓክተሩ ላይ ቁጭ ብሎ ምሳውን ከፈተ። ኤሌክትሪሽያን እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ፣ ሰውዬው አልተነሳም። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ እሱ ባይኖር እሸፍነው ነበር። የስፕሪንክለር ሽቦ ይሁን ምን አላውቅማ። ስለዚህ ሣር አንጣፊ ስትቀጥሩ ስለ ቦንዲንግ ጠይቁት። «ምንድን ነው እሱ?» ብሎ ከጠየቃችሁ በትህትና ሸኙት።

በሣሩ ፀጉር መሀል ስለሚበተነው መሙያ ጽሑፉ «የጎማ ፍርፋሪ ምረጥ፣ ይለሰልሳል» ይላል። ፑል ዳር? ጥቁር ነው፣ ይሞቃል፣ ከእርጥብ እግር ጋር ተጣብቆ ቀጥታ ወደ ፑሉ ይገባል፣ ከዚያ ማጣሪያው ውስጥ ታገኙታላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያለውን የፕላስቲክና የጎማ ፍርፋሪ ከ2031 ጀምሮ ከገበያ የሚያስወጣ ደንብ በ2023 አውጥቷል። ክብ ክብ የሆነ የሲሊካ አሸዋ፣ በተለይ የተለበጠው፣ በቂ ነው። ውሻ ላለው ዜኦላይት የሚባለው የማዕድን ጠጠር ይጨመርበት፣ የሽንቱን ሽታ ይይዛል።

ክሎሪን አይጎዳውም ያለው ልክ ነው። ፑል ውስጥ ያለው መጠን ለፖሊኢትሊን ምንም አይደለም። አለፍን።

ሐበሻ ለሐበሻ ሲጽፍ ግን እንዴት ከሰል ይረሳል? እኛ ቤት እንኳ ፕላስቲክ ሣር አዲስ ነገር አይደለም፤ ቄጠማ ሲጠፋ ከረከቦቱ ሥር የምንዘረጋው ያው እሱ ነው። ጓሮው አረንጓዴ ሆኖ ሲያዩት ሴቶቹ ቡናው እዚያ ይፈላ ይላሉ፣ ማን ይከለክላል። ማንደጃው ይወጣል፣ ማራገቢያው ይወጣል። ፍም አንዲት ብቻ ዘላ ስትወድቅ ድምፅ የላትም። ትንሽ ነጭ ጭስ፣ እጣን ነው ብለህ የምታልፈው፣ ከዚያ የሽምብራ የምታህል ቀዳዳ፣ ዙሪያዋ የደነደነ። አትጠገንም፣ ቆርጠህ መጣፍ ነው። የእኔ ጓሮ ላይ ዘጠኝ አሉ። ሦስቱ ከአንድ የፋሲካ ቀን ናቸው። መፍትሔው ሁለት በሁለት ሜትር የድንጋይ ወለል ለቡናው መተው ነው። ባርቤኪውም እዚያው።

25 ዓመት? በዚህ ፀሐይ ከ10 እስከ 15 ዓመት ካገለገለ ምስጋና ነው። «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለውን ደግሞ ውሃውን ብቻ ካዩ እሺ። ሲያረጅ ግን አብዛኛው ከነአሸዋው ተጠቅልሎ ቆሻሻ መጣያ ነው የሚሄደው፣ እስከዚያው እየተሰባበረ ደቃቅ ፕላስቲክ ያራግፋል። ካሊፎርኒያ በ2023 ከተሞች ከፈለጉ ሰው ሠራሽ ሣርን መከልከል እንዲችሉ የሚፈቅድ ሕግ ያወጣችው እንዲያው ስልችት ብሏት አይደለም።

ለእህቴ ልጅ «ተከራይ ነሽ፣ ምን አገባሽ» አልኳት፣ ሳቀች። ለማላውቀው ሰው ከላይ ያለውን ሁሉ በድምፅ ላክሁለት፣ 11 ደቂቃ ሆነ፣ አውራ ጣት መለሰልኝ። ወዳጄ ጋ ግን ቅዳሜ ሄድኩ። ሜትር ይዘን ጓሮውን ዞርነው። በስተምዕራብ ያለው ጥግ ብቻ ነው ከ8 ሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኘው፣ እዚያ 120 ስኩዌር ፊት ይበቃዋል። የፑሉ ዳር ኮንክሪቱ እንዳለ ይቆያል። ሚስቱ የቡናዋን ቦታ ራሷ በኖራ አሰመረች፣ ከጠየቅኳት በላይ ሰፊ አድርጋ።

ጥቅልሉ 450 ስኩዌር ፊት ነው። ሱቁ የተቆረጠ ሣር አልመልስም ብሏል። አሁን ጋራዡ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተጋድሟል፣ መኪናው ደግሞ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሟል።